የዓርብ ቀትር ግፊት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሠራተኞች አውቶቡስ ውስጥ ጆሮዬ በተደፈነ ቁጥር፣ የከፍታ ልዩነት ምን ማለት እንደ ሆነ ሰውነቴ ያስታውሰኝ ነበር። በዩኒቨርሲቲም ተምሬዋለሁ፤ ውኃ ዐሥር ሜትር ቁልቁል በወረደ ቁጥር ግፊቱ በአንድ ባር ያህል ይጨምራል። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ሳለሁ፣ ይህንኑ የማውቀውን ነገር ዘነጋሁት።

በጥጥ መጋዘናችን ጣሪያ ሥር ስፕሪንክለር ተዘርግቶ ነበር፤ እሳት ሲነሣ በሙቀቱ ራሱ ተከፍቶ ውኃ የሚረጭ የቧንቧ መረብ ነው። የሚችለው ዐሥራ ሁለት ባር ነው። ውኃው የሚመጣበት ታንከር ተራራው ላይ እጅግ ከፍ ብሎ ስለ ተሠራ፣ በመስመሩ ላይ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ነበረን። ቫልቩ በደለል ሲደፈን አስፈታሁትና በቦታው ባዶ ቧንቧ አስገጠምኩ። «እስኪጸዳ ነው» አልኩ። ጸድቶ፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢሮዬ ከተቀመጠ በኋላም በየጠዋቱ የሚሞላው የግፊት መዝገብ ዘጠኝ ባር ስለሚያሳይ አልቸኮልኩም።

መዝገቡን የሚሞላው የቧንቧ ሠራተኛችን ጠንቃቃ ሰው ነበር። አንድ ዓርብ ለጁምዓ ሲወጣ፣ «ኢንጂነር፣ ዛሬ ጠዋት የግፊት መለኪያውን አላየሁትም፤ ስመለስ አየዋለሁ ኢንሻአላህ» አለኝ። እኔው ላይለት ሄድኩ።

መርፌው ዐሥራ ስድስትን አልፎ መርፌውን በሚያግደው የመጨረሻ ችንካር ላይ ተደግፎ ቆሟል። መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ በጣቴ መታ መታ አደረግኩት፤ አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ ጸጥታውን አስተዋልኩ። ሌት ተቀን ውኃ የሚቀዳው ማቅለሚያ ክፍል ለምሳ ቆሟል፤ ከዚያው መስመር የሚቀዳው መንደር ቧንቧውን ዘግቶ መስጊድ ሄዷል። የሚቀዳ ሲጠፋ የተራራው ውኃ ክብደት በሙሉ እኛ ላይ ያርፋል። ሠራተኛችን የሚያነበው ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሁሉም በሚቀዳበት ሰዓት ነበር፤ ዓርብ ቀትር ላይ መርፌውን ያየ ማንም አልነበረም።

ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። ጥጥ የሚለዩት አራት ሴቶች፣ መጋዘኑ ከውጭው ስለሚቀዘቅዝ፣ ምሳቸውን የሚበሉት ከዋናው ቧንቧ ሥር ነው።

«ተነሡ፣ ውጡ» አልኳቸው።

አለቃቸው እጇን ከትሪው ሳታነሣ፣ «ኑ ጋሼ፣ እንብላ» አለችኝ።

«ከላያችሁ ያለው ቧንቧ ሊፈነዳ ይችላል።»

«ውኃ አይደል እንዴ? በዚህ ሙቀትማ ይጠበን» አለች ሌላዋ፤ ሳቁ።

«ውኃው ብቻውን አይወርድም፤ ከነብረቱ ነው። ግፊቱን የሚቀንሰውን ቫልቭ ያስፈታሁት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። አለቃቸው ትሪውን አንሥታ ወጣች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «መቼ ነው ያስፈቱት?» አለችኝ።

«ሦስት ሳምንት ሆነው።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚህ ስንበላ ሰላም እያሉን ያልፉ ነበር» አለች።

የመስመሩን ዋና መዝጊያ ቫልቭ በዝግታ መዝጋት ነበረብኝ፤ በድንገት የተገታ ውኃ ቧንቧን እንደ መዶሻ ይመታል። ሩብ ዙር አዞርኩ፤ ጠበቅኩ፤ ሩብ ዙር ጨመርኩ። ከላይ ብረቱ ሲያቃስት ሰማሁ። ሸሽቼ ልውጣ ብዬ አስቤ እንደ ነበር አልክድም። በመጨረሻ ማፍሰሻውን ቀስ አድርጌ ስከፍተው መርፌው ችንካሩን ለቀቀ።

ሠራተኛችን ከመስጊድ ሲመለስ ቫልቩን ተሸክሜ አገኘኝ። የሆነውን ስነግረው የቧንቧ መፍቻውን አመጣ። መጋዘኑ ያለ ስፕሪንክለር ስለ ነበር በሩ ላይ አሸዋና ባልዲ የያዙ ሰዎች አቁመን ቫልቩን መለስነው። የቧንቧዎቹን ማያያዣዎች ሊፈትሽ መሰላል ላይ ከወጣ በኋላ ጠራኝ። ከሴቶቹ መቀመጫ በላይ ያለው ቧንቧ ከማያያዣው ተንሸራትቶ፣ ቀለም ያልነካው ብረት ወጥቶ ያብለጨልጭ ነበር። የወጣውን ያህል በካሊፐር፣ ሚሊሜትር በሚለካው መሣሪያ፣ ለካሁት።

«ሊወልቅ ስንት ቀርቶት ነበር ኢንጂነር?»

«ሦስት ሚሊሜትር።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና መሰላሉ ላይ ቁጭ አለ።

በማግስቱ አለቃቸው ትሪዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ እንግባ?» አለችኝ። ማያያዣው መለወጡን፣ መርፌው ስምንት ላይ መሆኑን ነገርኳት። ስለ ሦስቱ ሚሊሜትር ግን አልነገርኳትም። ገብተው ተቀመጡ፤ እኔም በልተው እስኪነሡ ድረስ ወደ ጣሪያው አንጋጥጬ ቆምኩ።