ጥራት ያቃጠለው ሽንኩርት

ያቺ የጥራት ሰርተፍኬት ዛሬም ሸዋ ሮቢት ቢሯችን ግድግዳ ላይ መስታወት ውስጥ ገብታ ተሰቅላለች። ባየኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሐቁን ላውራ፤ ሐቅ መደበቅ ሐራም ነው። ሰርተፍኬቷን ያስገኘው የጥራት ስታንዳርድ ከመምጣቱ በፊት እኛ ፕሮግራመሮች የእድር ድንኳን እንደሚተክል ሰው ነበርን፤ ሁሉም ይጎትታል፣ ማን እንዳበላሸው አይታወቅም። ከመጣ በኋላ እያንዳንዱ ለውጥ ባለቤት አገኘ፤ አንዱ የጻፈው ሌላው ሳይፈትሸው አያልፍም። ይሄ ደግ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ አለቆቻችን ጥራቱን ትተው ወረቀቱን ማምለክ ጀመሩ!

የሠራነው ፕሮግራም ለቀወት ወረዳ ሽንኩርት አምራቾች የመስኖ ተራቸውን በስልክ መልእክት የሚያሳውቅ ነው። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት መልእክት ላልደረሰው ገበሬ ቦይ አይከፍትም፤ ከከፈተ ጠብ ነው። ታዲያ ከአዲስ አበባ የመጣው የጥራት አማካሪ "በመዝገቡ ላይ የስም ድግግሞሽ ዜሮ መሆን አለበት" አለና እስከ አያት ስማቸው አንድ የሆኑ ሰዎች ሁሉ እንደ አንድ ሰው እንዲጠቃለሉ አስደረገ። በይፋት! የነቢዩን ስም ያልያዘ ቤት በማይገኝበት አገር! ሽንኩርት አምራቹ አባቴም ከማያውቁት የሌላ ቀበሌ ሞክሼ ገበሬ ጋር አንድ ሰው ሆነው አረፉት። የተራቸው መልእክትም ለእሱ ሄደ። የጥራት ምርመራውን ግን አለፍን፤ ድግግሞሽ ዜሮ ነዋ!

አባቴ ደወሉ። "ልጄ፣ ውሃ ቀረብኝ እኮ። ሽንኩርቱ ሊያልቅብኝ ነው።"

ስህተቱን ወዲያው አገኘሁት፤ ማስተካከሉ ሻይ የማፍላት ያህል እንኳ አይፈጅም። ነገር ግን ያለ ለውጥ አጽዳቂ ኮሚቴ ፊርማ ፕሮግራሙ አይነካም። ሰብሳቢውስ የት ናቸው? የጥራት ሥልጠና ላይ! ሥራ አስኪያጁን እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። "ሥርዓት ሥርዓት ነው" አለኝ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ራሱ አዙሮ። በሮቢት ፀሐይ ሽንኩርት ኮሚቴ ይጠብቅ ይመስል!

ከብዙ ቀን በኋላ ፊርማው መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አስተካክዬ ወደ አባቴ ማሳ ወረድኩ። ቅጠሉ ገለባ ሆኗል፤ ስነካው እጄ ላይ ደቀቀ።

እዚያው ቆመን ሳለ የአባቴ ስልክ ጠራ፤ ከእኛው ቢሮ የደንበኛ እርካታ የምትጠይቅ ልጅ ናት። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርገውታል፣ እሰማለሁ።

"እንዴት ነዎት አባባ? አገልግሎታችን እንዴት ነው?"

አባቴ እንዴት ነዎት ላላቸው ሰው በምሬት መልሰው አያውቁም፤ ለእሳቸው ነውር ነው። የነደደውን ማሳ እያዩ፣ "አልሐምዱሊላህ ልጄ። አላህ ይስጥሽ" አሏት።

"እሺ አባባ፣ 'በጣም ረክተዋል' ብዬ ሞልቻለሁ" አለችና ዘጋችው።