ሳይመለስ የቀረው ቀሚስ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ጽዮን ለጉዞዋ የሚያስፈልጋትን ሁሉ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አገኘኋት። ሳሙና፣ ትንሽ ፎጣ፣ እርጥብ ሶፍት፣ ቅያሪ ካልሲ፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ እሽግ ሞዴስ። ከሁለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ በብስክሌት ሊሄዱ ነው። አንደኛው ጓደኛዋ ናትናኤል እዚያው ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። እኔ ፈጠን ብዬ ፎጣውን ሞዴሱ ላይ ጣል አደረግኩበት። ጽዮን ሳቀችና ፎጣውን አነሳችው። «አያቴ ደግሞ፤ ናቲ እኮ እህቶች አሉት» አለችኝ። ልጁ ቀና ብሎም አላየ። ከሦስታችን ያፈርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ልጅ እያለሁ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ፣ እኔም በዚያው መንገድ በብስክሌት ሄጃለሁ። ያን ጊዜ ብስክሌት ያለው ሰው ጥቂት ነው። የታላቅ ወንድሜ የማርቆስ ጓደኛ ዳና የነጋዴ ልጅ ስለነበር ቤታቸው ሁለት ብስክሌት ነበረ። ለጥር ዕረፍት ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ከሁምቦ አለፍ ብሎ ያለችው አክስቴ ዘንድ ልትልከኝ ፈለገች። ማርቆስና ዳና እኛ በብስክሌት እናድርሳት፣ እግረ መንገዳችንን አባያ ሐይቅን አይተን እንመለሳለን ብለው ለመኗት። እናቴ እሺ ያለችው ከስንት ልመና በኋላ ነው። ያለችኝን አንዲት ደህና ቀሚስ፣ እሷ የሰፋችልኝን ውሃ ሰማያዊዋን፣ ለብሼ ወጣሁ።

እነሱ ያሰቡት እኔ ከኋላ መጫኛው ላይ ተቀምጬ እንድሄድ ነው። እኔ ግን ሦስት ሰው ሁለት ብስክሌት ይዞ ሲሄድ መንዳቱም መቀመጡም በተራ መሆን አለበት ብዬ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ዳና ሴት ልጅ ስትነዳ ሰው ያያል እያለ ሳቀብኝ። እንደማልነሳ ሲገባቸው በየድልድዩ ልንቀያየር ተስማማን። ከሶዶ ቁልቁል ስንወርድ ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር እየዘመርን፣ አቧራውን እየዋጥን፣ አየሩ እየሞቀ የበቆሎ አገዳ እየሸተተን ወረድን። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንዲያ ተደስቼ አላውቅም።

ሆዴን መቁረጥ የጀመረኝ ቆላው ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። መቀመጫው ጠንካራ ስለሆነ መሰለኝ። ልጆቹ ጥላ ውስጥ ሆነው ውሃ ሲጠጡ እኔ ከብስክሌቱ ወረድኩና ኮርቻውን አየሁት። ደም ነበር። ያን ጊዜ እናት ለልጇ ይህን ነገር አትነግርም፤ እናቴም አልነገረችኝም። ታላላቅ ሴቶች ከጓሮ የሚሰቅሉትንና ሰው ሲመጣ የሚያነሱትን ጨርቅ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ምን እንደሆነ ገመትኩ። ኮርቻውን በአፈር ጠረግኩት። ከዚያ ተራቸው ሲደርስ አልወርድም አልኩ። ያን ሁሉ ስለ ተራ የተከራከርኩ ልጅ ተራ በላሁ። እነሱ ግትርነቴ ነው ብለው ተዉኝ፤ ከኋላዬ እንዳይሆኑ ብዬ ወደፊት ሳስቀድማቸውም ደክሟት ነው አሉ።

ትንሽ እንደሄድን የዳና ጎማ ፈነዳ። አክስቴ ቤት ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረን ነበር፣ ውሃችንም አልቋል። አጠገባችን ማንጎ ዛፍ ያለበት ጎጆ ነበረ፤ ግቢው ውስጥ አዲስ እንስራና ድስት ተደፍቶ ይደርቃል፣ ከወዲያ ጥግ የሸክላ መተኮሻው ይጨሳል። ሁለቱ ልጆች ተያዩ። እኛ ዘንድ ከሸክላ ሠሪ ቤት አይገባም፣ ከእጃቸውም አይበላም ነበር። ወጣችን የሚበስለው እነሱ በሠሩት ድስት ነው፣ ውሃችን የሚቀዘቅዘው በእነሱ እንስራ ነው፣ እነሱን ግን በር ላይ አቁመን እናነጋግራለን። ለዚህ ነገር ምክንያት የሰጠኝ ሰው ግን አልነበረም።

የቤቱ እናት በአገራችን ቋንቋ «ሳሮ፣ ሳሮ» እያሉ ሰላምታ እየሰጡን ወጡ። በእናታችን ዕድሜ ያሉ፣ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ የነካው ሴት ናቸው። ደክሞን ሲያዩ ሥራቸውን ትተው፣ በእኛ አገር ለእንግዳ እንደሚደረገው እግራችንን ሊያጥቡ ራሳቸው የሠሩትን ሰፊ የሸክላ መታጠቢያ ውሃ ሞልተው አመጡ። ቆላ ውስጥ ውሃ በጀርባ ተጭኖ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ዳና «ተይው፣ እኔው እታጠባለሁ» አላቸው፤ እናቱን አንቺ የማይል ልጅ እሳቸውን አንቺ አለ። ማርቆስም እንዲሁ ራሱ ታጠበ። እሳቸው ውሃውን ደፍተው ሌላ ቀዱና ወደ እኔ መጥተው ተንበረከኩ።

እኔ ጀርባዬን ከማንጎው ግንድ ጋር አጣብቄ ቆሜያለሁ። ለመታጠብ መቀመጥ አለብኝ፤ ለመቀመጥ ደግሞ ከዛፉ መላቀቅ አለብኝ። እጃቸውን ወደ እግሬ ሲዘረጉ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺም?» አሉኝ።

ዓይናቸውን ሳየው የደሙ እፍረት እንኳ ለጥቂት ጊዜ ጠፋኝ። ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ላይ የሆንኩትን ነገርኳቸው። እሳቸው አንድ ጊዜ ወደ ልጆቹ አዩ፣ መታጠቢያውን ብድግ አደረጉና ውሃውን በሙሉ ከወገቤ በታች ለቀቁብኝ። ከዚያ እጃቸውን እየረገሙ፣ የሰው ልጅ አበሰበስኩ እያሉ እየጮኹ፣ ከኋላዬ ሆነው በገላቸው ከልለውኝ ወደ ቤት አስገቡኝ።

ቤቱ የእርጥብ አፈርና የጭስ ሽታ ነበረው። ውሃ ለብ አድርገው ገላዬን አጠቡኝ፣ የታጠበ ጨርቅ እንዴት እንደሚታጠፍና እንደሚታሰር አሳዩኝ፣ ይህ በሽታ አይደለም፣ በየወሩ ይመጣል፣ አንቺም ሰው ሆነሽ ነው አሉኝ። የእኔን እርጥቡን ጠቀለሉልኝና የራሳቸውን ቀሚስ አለበሱኝ፤ እመልሳለሁ አልኳቸው። ምንጣፍ ላይ አስተኙኝና ሆዴ ላይ የሞቀ የሸክላ ክዳን በጨርቅ ጠቅልለው አኖሩልኝ። ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተኛሁ።

ስወጣ ጎማው ተለጥፏል። እሳቸው ደጅ እሳቱን ይቆሰቁሳሉ። ዳና ቀሚሱን አይቶ ሳቀ። «ድሮም የእነሱ እጅ! አሁን በዚህ ልብስ አክስትሽ ቤት የምታስገባሽ ይመስልሻል?» አለኝ። ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም። ማርቆስም ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እሳቸው እንዳልሰማ ሰው እሳቱ ላይ አጎነበሱ።

እኔ ተጠንቅቄ የደበቅኩት ምስጢር በአንድ በኩል፣ እሳቸው ያለ ጥፋታቸው የተሸከሙት ስድብ በሌላ በኩል ሆነ። ዝም ብዬ ብስክሌቱ ላይ ብወጣ ማንም አያውቅብኝም ነበር። «እጃቸው አልሳተም» አልኩ። «ቀሚሴን ደም ነክቶት ነበር። እንዳታዩብኝ ብለው ነው ያፈሰሱት።»

ዳና ጎማውን ማየት ጀመረ። ማርቆስ አፈረ። ወደ እሳቱ ሄደና የሚጠጣ ውሃ እንዲሰጡት «እርስዎ» እያለ ለመናቸው። ከእጃቸው ተቀብሎ ጠጣ። እሳቸው ግን የሚያዩት እኔን ነበር። «ደብቄልሽ ነበር እኮ፤ ለምን ተናገርሽ?» አሉኝ። ቀሪውን መንገድ መጫኛው ላይ ተቀምጬ፣ የማርቆስን ጀርባ እያየሁ ደረስኩ።

አክስቴ ቀሚሱ የማን እንደሆነ ስትሰማ አስወለቀችኝ። በእጇ አልነካችውም፤ በእንጨት አንስታ ከአጥር ወዲያ ጣለችው። እመልሳለሁ ብዬ የገባሁት ቃል ነበር። አለቀስኩ፣ ተሳደብኩ፣ እራት አልበላም አልኩ፤ ቀሚሱ ግን ሲነጋ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ በዚያ ሳልፍ ማንጎው ብቻ ቆሞ አገኘሁ። እኚያ እናት ማን እንደሚባሉ እንኳ አልጠየቅኳቸውም ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ሞዴሱ ብቻ አይደለም። ልጆቹ የት እንደሚያድሩ ሲነጋገሩ ጽዮን ሁምቦ የክፍላቸው ልጅ ቤት መኖሩን አነሳች፤ እናትየዋ ኑልኝ ብለዋል። ናትናኤል ግን አመነታ። እናትየዋ ሸክላ ሠሪ ናቸው መሰለኝ፣ ብቻ ንጽሕናው ያሳስበኛል፣ ሆቴል ይሻለናል አለ። የገሠጸው የለም፣ ጽዮንም ካልሲዋን ማጠፍ ቀጠለች። ሞዴስ በሰው ፊት ጠረጴዛ ላይ የማያሳፍርበት ዘመን ላይ ደርሰን፣ ያ የድሮው ንቀት ግን ስሙን ንጽሕና ብሎ ቤቴ ውስጥ ሻይ ይጠጣል። በቤቴ አፈርኩ።

ስለዚህ ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው። ሞዴሱን በዓይኔ እያየሁ፣ ደም የሚለውንም ቃል ሳልውጥ፣ ለወንድ ልጅ ፊት ለፊት ተናገርኩ። ስጨርስ ናትናኤል ብርጭቆውን ያዞር ነበር። ጽዮን ስልኳን አንስታ ለሁምቦዋ ጓደኛዋ ደወለችና ሦስት ሆነን እንመጣለን አለች።

ማታ ቁም ሣጥኔን ከፍቼ ለፋሲካ ያሰፋሁትን፣ ገና ያልለበስኩትን ቀሚስ አወጣሁ። አጥፌ ሻንጣዋ ውስጥ ከሞዴሱ አጠገብ አስገባሁት። ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለጓደኛሽ እናት ስጫቸው፣ መጀመሪያ ግን ስማቸውን ጠይቂልኝ አልኳት።