እርሳሱን ያነሳ ይጽፋል

መጽሐፉ ሽፋን አልነበረውም። ርዕሱንም ደራሲውንም አናውቅም ነበር። ከገጽ ሰባት ይጀምርና አንዲት ልጅ ዳኛ ፊት እንደቆመች ያበቃል። ወንድሟ የባላባቱን ጎተራ አቃጥለሃል ተብሎ ታስሯል፤ ያቃጠለውን ሰው ግን እሷ በዓይኗ አይታዋለች። ዳኛው "ማንን አየሽ?" ይላታል። "ልጅቷ ቀና ብላ" ይልና ወረቀቱ ያልቃል።

የቀረውን ገጽ የጨረሰው በርበሬ ነው። ገበያው አጠገብ አባቷ ሱቅ የነበራቸው የጉራጌ ልጅ ለመጠቅለያ የሚሆን አሮጌ ወረቀት በኪሎ ትገዛ ነበር። መጽሐፉ እዚያ ክምር ውስጥ ነበር የመጣው፤ እሷም ከኋላው እየቀደደች ስትጠቀልል ቆይታ፣ ደንበኛ በጠፋበት ሰዓት የመጀመሪያውን ገጽ አየት አደረገች። በዚያው ቁጭ ብላ እስከ ተቀደደው ድረስ አነበበችው። ከዚያ በርበሬ የገዟትን ሴቶች ቤት ለቤት እየዞረች ጠየቀች። ገጾቹ እሳት ተለኩሶባቸው አልቀዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልናናድዳት ስንፈልግ "እስቲ መጨረሻውን በሩብ ኪሎ ስጪን" እንላት ነበር።

መጽሐፉን የምንቀባበል ሰባት ነበርን። አብዮቱ ሰባት ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ነቀምቴ አዲስ ልብ ወለድ ቢመጣ እንኳ የሚደርሰን የለም። ስለዚህ መጽሐፉን በእጃችን ገልብጠን፣ ደብተሩን ለፈለገ ለመስጠት ተነሳን። አንብቦ የሚመልስ ይመልሳል፤ ገልብጦ ለራሱ የሚያስቀር ያስቀራል። የከፈለን የለም፣ ያዘዘንም የለም። እኔ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁሜ ለቀበሌዎች በቀለም መፈክር እየጻፍኩ ነበር የምኖረው። ቀን ቀን የሰው ቃል በግድግዳ ላይ አገዝፋለሁ፤ የራሴን ግጥም በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ አንድም ሰው በማያነበው ደቃቅ ፊደል እጽፋለሁ። ለዚያ ደብተር የነበረኝ ጉጉት ከዚህ የመጣ ነው።

የምንገናኘው ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ነበር። ሰውየውን ሁላችንም "ኦቦ" ነበር የምንላቸው፤ በእኛ አገር ለትልቅ ሰው የሚባል ነው። ከሰባታችን አንዱም እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ከተወሰደ ሁለት ዓመቱ ነው። በየሐሙሱ ወደ እስር ቤት ስንቅ ይወስዳሉ፤ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። የልጁን ፊት ግን ከዓመት በላይ አላሳዩአቸውም። ምግቡን ማን እንደሚበላው አያውቁም ነበር። ይህን የነገሩን አንድ ቀን ነው፤ መርፌ እየሰኩ፣ ቀና ሳይሉ። እኛም ዳግም አልጠየቅንም።

መጨረሻውን ራሳችን እንጻፈው የሚለው ሐሳብ የእኔ ነበር። ሞኝ አልነበርኩም፤ እንደሚመርጡኝ እርግጠኛ ነበርኩ። የጻፍኩትም ይህን ነው፦ ልጅቷ ቀና ብላ ዳኛውን ታየዋለች፣ አንድ ቃል አትናገርም፣ ጀርባዋን ሰጥታ ከችሎት ትወጣለች። ከእኔ ጋር አራት እጅ ወጣ። ሦስቱ አላወጡም። "አለቀ፣ አሸነፍኩ" አልኩ።

በሳምንቱ ስንገናኝ አራት ደብተር መጨረሻ አለው፣ ሦስቱ እንደተቀደደ ነው።

"ምነው?" አልኩ።

"እኔ አልወደድኩትም" አለች ባለሱቋ። "የማልወደውን ለምን ብዬ እገለብጣለሁ? ጣቴን እኮ ነው የሚያመኝ።"

"ድምፅ ተሰጥቷል።"

"ድምፁ ይገልብጥልህ።"

ሁሉም ሳቁ። ተናድጄ የራሴን እገለብጣለሁ፣ የራሴን አዞራለሁ አልኩ። "ግዛና ገልብጥ፤ ማን ከለከለህ? ወፍራም ደብተር አለኝ" አለችኝ። ገዛሁ፤ ገለበጥኩም። ደብተሬን የተዋሰ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሦስቱ የመረጡኝ እንኳ።

ከዚያ በኋላ ነው ደንቡን ያወጣነው። ያወጣችው እሷ ናት። ከኦቦ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ እርሳስ አንስታ ከመካከላችን አስቀመጠች። የተጻፈው ይነበባል። ያልተስማማ እርሳሱን ያነሳል። ማንሳት ብቻ ግን አይበቃም፤ ያነሳ ሰው ለምን እንዳነሳ ይናገራል፣ የተሻለውንም ይጽፋል። ጽፎ ያስቀምጠዋል። እርሳሱ ተቀምጦ ማንም ካላነሳው፣ አለቀ ማለት ነው። እጅ የሚያወጣ የለም፤ ስንት ለስንት ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ክረምቱን ሙሉ እርሳሱ አላረፈም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየተጯጯህን፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ልጅቷን ስንቴ ከዚያ ችሎት አስወጥተን መለስናት። አንዱ ሊድራት ሞከረ፤ ባለሱቋ እርሳሱን ከእጁ ነጠቀችው። እኔ የጻፍኩትን አሳጥሬ፣ አስረዝሜ፣ ሌላ ልብስ አልብሼ ደጋግሜ አቀረብኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን እርሳሱን ያነሱት ኦቦ ናቸው። እስከዚያ ቀን አንስተው አያውቁም።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "እሷስ ወጣች። ወንድሟስ?"

"ክብሯን ይዛ ወጣች። ዋናው እሱ ነው።"

"አንተ ወንድም አለህ?"

"የለኝም።"

"ላኪ!" አሉ፤ ተው እንጂ እንደማለት ነው። "ለዚያ ነው የምታስወጣት።"

  እሳቸው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ልብስ ላይ ምልክት እንደሚያደርጉ ሁሉ እርሳሱን ተጭነው፣ ቀስ ብለው ጻፉ፦ "ልጅቷ ቀና ብላ፣ ወንድሜን አምጡልኝ፤ እሱን በዓይኔ ሳየው እናገራለሁ አለች።" እርሳሱን አስቀመጡት።

ጠረጴዛው ላይ ቆየ። ማንም አልነካውም። በጣም ያናደደኝ፣ ከእኔ የተሻለ መሆኑ ነው።

ወሬው የቀበሌው ወጣት ማኅበር ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰ። ዕድሜው ከእኔ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ካኪ ይለብሳል፣ ሲናገር በየመሐሉ "በመሆኑም" ይላል። ደብተሩ ያልተፈቀደ ጽሑፍ ነው አለ። በመሆኑም እንዲዞር ከተፈለገ መጨረሻው በሕዝብ ፊት መጽደቅ አለበት። አንድ እሑድ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። የራሱን መጨረሻ ጽፎ መጥቷል፤ አነበበው። ልጅቷ ጎተራውን ያቃጠለውን የባላባቱን ሎሌ በጣቷ ትጠቁማለች፣ ታጋልጣለች፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ስለ ወንድሟ አንዲት ቃል የለም።

"የሚደግፍ?" አለ።

ቃሉን ሳይጨርስ የእኔ እጅ ወጥቷል። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እውነት ነው። ክንዴ ለምዶ ነበር። እኔ ነኝ ዓመፀኛው፣ እኔ ነኝ ገጣሚው፤ እጄ ግን ከሁሉ ቀድማ ወጣች። ባለሱቋም አወጣች። ኦቦም አወጡ። የሐሙስ ስንቅ ያለባቸው ሰው ናቸው፤ ምን ያድርጉ?

"የሚቃወም? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።" ለቀበሌው ንባብ ቤት አሥር ቅጂ በሁለት ሳምንት እንድናደርስ አዘዘ። የተቀደደውን መጽሐፍ ራሱን "ለጥንቃቄ" ብሎ ይዞት ሄደ።

ከአዳራሹ በቀጥታ ልብስ ሰፊው ቤት ገባን።  ባለሱቋ የሊቀመንበሩን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ እርሳሱን አጠገቡ አደረገች።

"ማን ይገለብጠው?" አለች።

አንዱ ጣሪያ አየ። አንዱ ጫማውን። ኦቦ የስፌት መኪናቸውን መርገጥ ጀመሩ፤ ጨርቅ እንኳ አላስገቡበትም።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ እስከ ዛሬም ማንም አላስጣለኝም። ሰውን ሰብስቦ እጅ አውጣ ማለት ቀላል ነው፤ እጅ ማውጣት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። መቶ አርባ ገጽ መገልበጥ ግን የሰው ማታና እሑድ ነው። ደመወዝ ያልቆረጥክለትን ሰው፣ ከልቡ ያልገባውን ነገር በፈቃዱ እንዲደክምበት የሚያደርግ ውሳኔ የለም። እኛ በእርሳሳችን ክረምቱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ የሊቀመንበሩ ስብሰባ ሩብ ሰዓት ነው የፈጀው። ከእኛ ክረምት በኋላ ግን ሰባታችንም በአንድ ሳምንት ገልብጠን ጨርሰናል፤ ከእሱ ሩብ ሰዓት በኋላ አንድ መስመር የጻፈ የለም።

ሊቀመንበሩ በሁለት ሳምንቱ መጣ።

"ጓድ፣ ስንት ገጽ ደረስክ?" አለኝ።

"ቀለሙ ደረቀብኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"አንተ የቀለም ሰው አይደለህም እንዴ?"

"የእኔ የግድግዳ ነው። ለደብተር አይሆንም፤ ይበሳል።"

"እርስዎስ?"

ኦቦ ወደ ዓይናቸው አመለከቱ። እጃቸው ላይ ክር ያለበት መርፌ ነበር፤ ያስገቡት እሱ ሲገባ ነው።

ወደ ባለሱቋ ዞረ። እሷ ሰበብ አልፈለገችም። "ወረቀት አለኝ፣ ቀለም አለኝ፣ እጄም ደህና ነው" አለችው። "አልወደድኩትም።"

"በሙሉ ድምፅ ጸድቋል እኮ!"

"እኮ። ያጸደቅነው አንተ ጠይቀኸን ነው። የወደደው ይገልብጠው። እርሳሱ ያውልህ።"

ሊቀመንበሩ እርሳሱን አየው። ፊቱ ተለዋወጠ። ምን ሊያደርገን እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ግን ምን ብሎ ይክሰሰን? አንድም ተቃዋሚ የለም ብሎ ወደ ላይ የጻፈው እሱ ራሱ ነው። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወጣ።

አንድ ቅጂ በራሱ እጅ ገለበጠ። ንባብ ቤቱ ውስጥ በሲባጎ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ከበላዩ ያለውን ጽሑፍ የቀባሁት እኔ ነኝ። ከእኔ ብቸኛ ደብተር ጋር አንድ ዕጣ ደረሰው፤ ማንም አላወረደውም። የኦቦ መጨረሻ ያለበት ግን ሄደ። አንዱ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ከቤት ቤት ዞረ፤ አንዱን የወሎ ሰፋሪ የሆነ ወጣት ወደ ኪራሙ ወሰደው፤ አንዱ በቡና መኪና ጊምቢ ገባ።

የጊምቢውን ዱካ ያየሁት በዓመቱ ነው። ለበዓል መፈክር ልጽፍ ሄጄ፣ ያደርኩበት ቤት አልጋው ራስጌ ላይ መጽሐፋችንን አገኘሁት። እኛ ያልገለበጥነው ቅጂ ነው፤ የማላውቀው ሰው ጽሕፈት። መጨረሻውን ገልጬ አየሁ። የኦቦ ዓረፍተ ነገር አንድም ፊደል ሳይጎድል አለ። ከሥሩ ግን ሌላ ሰው በሌላ ቀለም ጨምሮበታል፦ "ዳኛውም አዘዘ። በሩ ተከፈተ፤ ወንድሟ ገባ። ተቃቅፈው አለቀሱ።"

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ማን ፈቀደላችሁ? ወዲያው በራሴ ሳቅኩ፤ ለእኛስ ማን ፈቀደልን? ደብተሩን ለሁለት ሳምንት ለመንኩና ነቀምቴ ይዤው መጣሁ።

ሰባታችን ተሰበሰብን። ባለሱቋ እርሳሱን ከመካከል አደረገች፤ እኔ አነበብኩ። "ወንድሟ ገባ" የሚለው ላይ ስደርስ የስፌት መኪናው ቆመ። ማንም ኦቦን ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። ሐሙስ ነበር፤ ባዶው ሳህን መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

ተነስተው መጡ። እርሳሱን አነሱ።

"ጋሪ ነው፣ ጥሩ ነው፤ ልባቸው ደግ ነው" አሉ የጊምቢዎቹን። "ግን አልመጣም።"

የጊምቢውን መስመር አልሰረዙትም። ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ፣ እንደ በፊቱ ተጭነው ጻፉ፦ "በሩ ተከፈተ። ወታደሩ ብቻውን ገባ። ዳኛው ተቀመጪ አላት። ልጅቷ አልተቀመጠችም።"

እርሳሱን አስቀመጡና ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ጠበቅን። እኔ እንኳ፣ ያ ሁሉ አፌ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እርሳሱ በነበረበት ቀረ።

ከዚያ ባለሱቋ ከዘንቢሏ ሰባት አዲስ ደብተር አወጣች።