ሰባተኛው ቀፎ

ማክሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ሚዛን ተፈሪ

ከሚዛን የተነሣሁት ሰማዩ ገና ሳይለይለት፣ የመናኸሪያው ጭቃ በመንገደኛ ኮቴ ሳይቦካ ነው። በሸሚዜ ውስጥ፣ ሆዴ ላይ፣ በፌስታል ሦስት ጊዜ የተጠቀለለ ወረቀት አስሬያለሁ። ዝናቡ እኔን ቢያገኘኝ ግድ የለኝም፤ ወረቀቱን እንዳያገኘው ብቻ።

ወረቀቱ የጋሽ ደምሴ ነው። ጋሽ ደምሴ የከተማውን ግማሽ ሰው ፊደል ያስቆጠሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት አንድ ልብ ወለድ ሲጽፉ ኖረዋል። ሸኮ አጠገብ ባለ አንድ ጉብታ ላይ የኖረ የአንድ ቤተሰብ የአምስት ትውልድ ታሪክ ነው፤ ቤተሰቡም የራሳቸው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ከዚያ ጉብታ የሚርቅ ሰው የለም። ይወለዳሉ፣ ይጋባሉ፣ በድንበር ይጣላሉ፣ ይቀበራሉ። ሹም ይመጣል፣ ሹም ይሻራል፤ ጉብታው እዚያው ነው። እኔ በሃያ አራት ዓመቴ አምስት ከተማ ኖሬ አምስቱንም የለቀቅሁ ሰው ነኝ። ደብተሮቻቸውን ሳነብ ደስታዬ ከቅናት ጋር የተቀላቀለ ነበር።

የምሠራው ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው። ማመልከቻ፣ ውልና የሠርግ ጥሪ እጽፋለሁ፤ ሰው በሌለ ሰዓት የራሴን ግጥም። ጋሽ ደምሴ ዓይናቸው ሲጠፋ ስምንት ደብተር በማዳበሪያ ከረጢት አስይዘው ወደ እኔ መጡ። ከዓይናቸው ቀጥሎ ኩላሊታቸው ከዳቸው። ሐኪሞቹ ወደ ጅማ ይሂዱ ቢሏቸው እምቢ አሉ። አሁን አልጋ ላይ ሆነው የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፋቸው ታትሞ በእጃቸው ሊዳስሱት።

ባለፈው እሑድ የተየብኩትን ሦስተኛ ምዕራፍ አነበብኩላቸው። በማግስቱ ጠዋት አስጠሩኝ።

«ይህን ይዘህ ሸኮ ሂድና ለእህቴ ለማርታ አንብብላት» አሉኝ። «ልክ ነው ካለች ወደ ማተሚያ ቤት ይሂድ። አይደለም ካለች ያለችህን ይዘህልኝ ና።»

«በስልክ ባነብላቸውስ ጋሼ?»

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነበብም።»

ምዕራፉ አባታቸው ልጅ በነበሩበት ዘመን ስለ ነበረው ቤት ነው። በዚያ ቤተሰብ ልጅ ሲወለድ በስሙ አንድ ቀፎ ጉብታው ላይ ባለው ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ቀፎው ሲበሰብስ በአዲስ ይተካል። ባለቤቱ ሲሞት ይወርድና ይቃጠላል። ስለዚህ ቀና ብሎ ዛፉን ያየ ሰው የቤተሰቡን ቁጥር ያውቃል። ምዕራፉ ስድስት ልጆች በስም ይዘረዝራል፤ ከአንድ ገጽ በኋላ ግን «የልጆቹን ሰባት ቀፎዎች ነፋስ ያወዛውዛቸው ነበር» ይላል። መምህርም ይስታል ብዬ «ስድስት» አደረግሁት። እንዲህ ያለች ነገር ከዓይኔ አታመልጥም፤ ትምህርት ቤት ያላስጨረሰኝ ዕድል ይህችን ዓይን አልወሰደብኝም እያልኩ እኮራባታለሁ።

ረፋድ 3 ሰዓት፣ የሸኮ ዳገት

ያሳፈረኝ የሸምሱ አይሱዙ ነው። ከኋላ ቆርቆሮ፣ ሳሙና፣ ስኳርና ሁለት ፍየል፤ ከፊት እኔና እሱ። ሸምሱ አባቱ ከጅማ መጥተው ሚዛን ሱቅ የከፈቱ፣ ራሱ እዚሁ የተወለደ ሹፌር ነው። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ግራና ቀኙ እንሰት፣ ከእንሰቱ በላይ ቡና፣ ከቡናው በላይ ጥላ ዛፍ፣ ከሁሉም በላይ ጉም። የቡና ማድረቂያ አልጋዎች በላስቲክ ተሸፍነዋል። አንዲት ሴትዮ ኮረሪማ በገመድ ሰክታ መኪናው ሲያልፍ ታውለበልባለች።

«ሆድህ ላይ ምንድን ነው ያሰርከው? ቁስል ነው?» አለኝ ሸምሱ።

«መጽሐፍ ነው። የአንድ ቤተሰብ የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ።»

«ስንት ሰው ይሞታል?»

«ሁሉም ማለት ይቻላል።»

«አቦ፣ ታዲያ ምኑን ላንብበው? የእኛን ልንገርህ፣ በአንድ ዳገት ያልቃል። አያቴ በበቅሎ ጨው ይዞ መጣ። አባቴ በጭነት መኪና ጨርቅ ይዞ መጣ። እኔ ባይሱዙ ገጣሚ ይዤ መጣሁ። ወላሂ፣ እየከሰርን ነው።»

እስከ ዳገቱ ጫፍ ሳቅን። ጫፉ ላይ ጉሬዛዎች መንገድ አቋረጡና ሸምሱ ለማንም ሰው ያላደረገውን አደረገ፤ ቆመላቸው።

እኩለ ቀን፣ ጉብታው

ከሸኮ ከተማ ጉብታው ድረስ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መጽሐፉን የተየብኩ እኔ ስለሆንኩ ማንንም ሳልጠይቅ የምደርስ መስሎኝ ነበር። ወንዙ ግን በወረቀት ላይ እንዳለው ሰፊ አይደለም። ጫካው ደግሞ ከጉብታው ግርጌ ላይ ያልቃል። ከዚያ በታች ተመንጥሮ በመስመር የተተከለ የቡና ችግኝ ነው። የማን እንደሆነ ስጠይቅ ሰው ሁሉ «የኢንቨስተሩ» ይላል፤ ስሙን የሚያውቅ አላገኘሁም።

የእማማ ማርታ ቤት ተዘግቷል። የጎረቤታቸው የአቶ ተሾመ ባለቤት የተቀቀለ ጎደሬ በበርበሬ አቀረበችልኝ። ሽማግሌው አቶ ተሾመ ወሬውን ነገሩኝ።

«ማርታን ልጇ ቴፒ ወሰደቻት። ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። ዛፉን እዩልኝ ብላ ነው የሄደችው።»

ዛፉን አሳዩኝ። ግንዱን ሦስት ሰው ተያይዞ ቢያቅፈው ጣቶቻቸው የሚገናኙ አይመስለኝም። አንገቴን ቀና አድርጌ ቆጠርኩ፤ ሦስት ቀፎ። ሁለቱ ደህና ናቸው፤ የአንዱ ልባጥ ተቀዶ ተንጠልጥሏል።

«ሁለት ነበር መሆን ያለበት» አልኩ። «ከእህትና ወንድሞቹ በሕይወት ያሉት ጋሽ ደምሴና እማማ ማርታ ናቸው። ለልጆቻቸው ደግሞ አልተሰቀለም።»

«ልጆቹማ ከተማ ተወለዱ። ማን ይሰቅልላቸዋል?» አሉ አቶ ተሾመ። «ግን እኔ ሳውቀው ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል።»

«የሚሰቅለው ማን ነበር?»

«አባታቸው። ከሱ በኋላ የማርታ ባል፣ ነፍሱን ይማር። እሱ ከሞተ ወዲህ የወጣ የለም። ቀፎውን ያስሩና አፉ ላይ ተጠግተው የባለቤቱን ስም ይጠሩለታል። ንቡ የማን ቤት እንደገባ ይወቅ ነው ነገሩ።»

«በሦስተኛው ላይስ የማንን ስም ይጠሩ ነበር?»

«እኛ ከታች ነን፤ ከታች አይሰማም።»

በማስታወሻዬ ላይ «የሞተ ሰው ቀፎ ሳያወርዱ ረስተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ይኸው ገጹ አሁንም አለ፤ አልቀደድኩትም።

ረቡዕ፣ 8 ሰዓት፣ ቴፒ

ቴፒ ይሞቃል። ሚዛን ላይ የደረብኩት ሹራብ እዚህ ያሳፍራል። ገበያው አናናስ፣ ማንጎ፣ የሙዝ ግንጣይ፣ እርድ፤ ባጃጆች በመካከሉ እንደ ዝንብ ይበራሉ። እማማ ማርታ ያሉት ከአንድ ጸሎት ቤት ጀርባ ከልጃቸው ከወርቅነሽ ቤት ነው። መዘምራን ይለማመዳሉ፤ አንዲት መስመር ደጋግመው ይሳሳታሉ፣ ደጋግመው ይጀምራሉ።

እማማ ማርታ ትንሽ ሴት ናቸው። በረንዳ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎላቸው እግራቸውን ዘርግተዋል። ለእንግዳ በአማርኛ፣ ለወርቅነሽ በሸኮኛ ይናገራሉ።

«ደምሴ ይበላል?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«አንብብ በል።»

አነበብኩ። ወንዙ ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእናትየው ሞት ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጆቹ በስም ሲጠሩ በጣታቸው ቆጠሩ። ቀፎዎቹ ዘንድ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ስንት አልክ?»

«ስድስት ቀፎ።»

«ወንድሜ ስድስት ብሎ ጻፈ?»

«እሳቸውስ ሰባት ብለው ነበር እማማ። ልጆቹ ስድስት ስለሆኑ እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።»

ለወርቅነሽ በሸኮኛ ነገሯት። ወርቅነሽ የምትለቅመውን ጎመን አስቀምጣ አየችኝ።

«ልጄ፣ ስንት ወንድማማች ናችሁ?» አሉኝ እማማ ማርታ።

«አራት።»

«አንዱን ሰው ቢወስደው ሦስት ነን ትላለህ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«የግብር ጊዜ ነበር። ማር ያጣ፣ ከብት ያጣ ልጅ ይሰጣል። የሹሙ ጭፍሮች የሚመጡበትን ቀን አያቴ ያውቃል። ሊሰጥ ያሰበው አባቴን ነው። አባቴ ይህን ሰማ። ሮጦ ቀረሮው ላይ ወጣ፣ ቅጠል ውስጥ ገባ። ታናሽ ወንድሙ ተከተለው። መውጣት ገና አይችልም፤ ከታች ቆመ። ‘ውረድ፣ አባባ ይጠራሃል’ ይለዋል። ጭፍሮቹ ደረሱ። ከታች የቆመውን ያዙ።»

መዘምራኑ ዝም ብለው ነበር፤ እንደገና ጀመሩ።

«አባቴ ሲነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ይደግም ነበር። ገመድ ሲያስሩበት ወደ ላይ አላየም። አንድ ጊዜ ቀና ቢል አባቴን ያገኙት ነበር። አላየም። ወደ ማጂ መንገድ ወሰዱት ይላሉ። ሞተ ብሎ የነገረን ሰው የለም። ሞተ ካልተባለ ቀፎው እንዴት ይወርዳል?»

አባታቸው በየጊዜው እየወጡ የወንድማቸውን ቀፎ አደሱ። ስሙንም እዚያ ላይ ብቻ ይጠሩ ነበር፤ ቤት ውስጥ አልተጠራም። ከዚያ ደግሞ የእማማ ማርታ ባል። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ስሙ የትም አልተጠራም።

«ስሙ ማን ነበር?» አልኩ።

ጠጋ በል አሉኝና በጆሮዬ ነገሩኝ። ይህን ታሪክ ለጋዜጣ እንድጽፈው እሳቸውም ወንድማቸውም ፈቅደውልኛል፤ ስሙን ግን እዚህ አላሰፍረውም። መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ቦታ አለ።

«ጋሽ ደምሴን ምን ልበላቸው?»

«ልክ አይደለም በለው። አባቱ ዛፍ ላይ እንደነበር ይጻፍ። እኔ መጻፍ አልችልም። እኛ ቡና እየለቀምን እሱን ያስተማርነው ለምን ይመስለዋል?»

ሐሙስ፣ የመልስ መንገድ

በአጋጣሚ የተሳፈርኩት እንደገና የሸምሱ መኪና ላይ ነው። ፍየሎቹ ተሸጠዋል፤ በፋንታቸው ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡና ተጭኗል።

«አነበብክላት?»

«አነበብኩላቸው።»

«አለቀሰች?»

«አላለቀሱም።»

አየኝና የካሴቱን ድምፅ ዝቅ አደረገ። ሸኮን እስክናልፍ አልቀለደም። ከመታጠፊያው ላይ ቀረሮው በሩቅ ይታያል። ቀፎዎቹ ከዚያ ርቀት አይታዩም፤ እኔ ግን ቆጠርኳቸው።

ከሰዓት፣ 9 ሰዓት ተኩል፣ ሚዛን ተፈሪ

ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተኝተዋል። ብርሃኑ ባይታያቸውም ሙቀቱን ይወዱታል። ኮቴዬን ለይተው ስሜን ጠሩ።

«ምን አለች?»

«ልክ አይደለም አሉ።» መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እርስዎ ሰባት ነበር ያሉት። ስድስት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«የጠፋው ዓይኔ ነው። እሑድ ስታነብ ሰማሁህ እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ብርድ ልብሱን በጣታቸው ይዳብሱ ጀመር።

«ደስ አለኛ» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ልጅ የጻፍኩት አንድ ቃል ነው። ሰባት። ሌላ መጻፍ አቃተኝ። አንተ ስድስት ስትል፣ ይኸው ወረደ፣ እኔም ሳላወርደው ሌላ ሰው አወረደልኝ አልኩ። የዚያን ቀን ምሳ ጨርሼ በላሁ፤ ልጆቼን ጠይቅ። ከዚያ አባቴ ከዛፉ በወረደ ዕለት ማታ ድምፁ እንዴት እንደነበር ትዝ አለኝ። እኔ ራሴን አልፈዋለሁ፤ ማርታ ግን አታልፈኝም። ለዚህ ነው የላክሁህ።»

ፌስታሉን ፈታሁ። ወረቀቱ በላብ ረጥቧል፤ በዝናብ አልነበረም።

«ስሙን ነገረችህ?»

«ነገሩኝ።»

«በለው።»

ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው አልኩት። ከንፈራቸው ተከትሎኝ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ራሳቸው ጮክ ብለው አሉት፣ አንድ ጊዜ፣ ክፍል ውስጥ የተማሪ ስም እንደሚጠራ መምህር። ቀጥለው ትንሽ ጠበቁ።

«ባዶ ገጽ አለህ?»

የምዕራፉን የመጨረሻ ወረቀት ገለበጥኩ።

«ጻፍ። አባቴ ዛፍ ላይ ነበር።»

ጻፍኩ።

«ከታች የቆመው ወንድሙ» አሉና አቋረጡ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ። እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ላይ ሳላነሣ ጠበቅኋቸው።