በአጥሬ ሥር የተቆፈረው ቦይ

ጎረቤቴ ከእኔ ቤት በላይ ነው የሚኖረው። ሆሳዕና ዳገት ላይ የላይ ጎረቤት ማለት፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉን የሚልክልህ ሰው ማለት ነው። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። አባቱ ከጉራጌ መጥተው እዚሁ የወለዱት፣ ትሁት፣ ሰላምታ የሚያበዛ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሰላምታ የሚያበዛ ሰው አልወድም። ጠዋት ፎንቆ ከተማ ወዳለው ሥራዬ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እንዴት አደርክ!» ይለኛል። ምን ፈልጎ ነው? እላለሁ በሆዴ፤ የመኪናዬን መስታወት ዘግቼ አልፋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከኮንክሪት ነው። እሱ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ኮንክሪት አለበሰው። በበጋው እኔም የመኪና መግቢያዬን አሠራሁ። መኪናዋ በሩ ላይ ሆዷ እየተፋቀ ስላስቸገረችኝ ግንበኛውን «ወደ ውስጥ አዘቅዝቀው» አልኩት። አዘቀዘቀው። በሩ ላይ ለውሃው ቦይ እናውጣለት ወይ ሲለኝ፣ ሥራ ለማብዛት የፈለገ መሰለኝና «አያስፈልግም!» ብዬ ዘጋሁት።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንደጣለ ከጎረቤቴ በር የወጣው ውሃ የመንገዱን ዳር ይዞ ወረደና በእኔ በር ታጠፈ። በአዲሱ ኮንክሪቴ ላይ ተንደርድሮ፣ ቤቱን ዞሮ፣ ጓሮ ገባ።

ጓሮው የእናቴ ነው። እንሰቷ እዚያ ነው፤ ከእንሰቱ ሥር ደግሞ የቆጮዋ ጉድጓድ አለ። ለመስቀል ብላ በኮባ ሸፍና፣ ድንጋይ ጭና የቀበረችው ቆጮ ነው። ልጆቿ በየዓመቱ ከያሉበት የሚሰበሰቡት ለሱ ነው። ውሃ ከገባበት ይበላሻል፤ ቆጮ የሌለበት መስቀል ደግሞ ለእናቴ መስቀል አይደለም።

«ሆን ብሎ ነው» አልኳት።

«ማን?»

«የላይኛው ነዋ! ውሃውን ወደ እኛ ያዞረው እሱ ነው።»

እናቴ ዝም አለች። ዝም ስትል ደስ አይለኝም፤ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ሥራ አላጣም። አንድ ቀን ከፎንቆ ስመለስ ጓሮ ጭቃው ላይ የቦት ጫማ ዱካ አየሁ። የእኔ አይደለም፤ የእናቴም እግር አይደለም። «ማን መጥቶ ነበር?» ብላት «ማን ይመጣል?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከምትልጠው ድንች ሳታነሳ። በሳምንቱ ደግሞ ከኮንክሪቴ ጫፍ ተነሥቶ፣ ከጉድጓዷ በላይ አልፎ፣ አጥሩን ታኮ ወደ ታች የሚወርድ ቦይ ተቆፍሮ ጠበቀኝ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። አጥሩ ላይ አካፋ ተደግፏል፤ እጀታው ቀይ ቀለም የተቀባ፣ የሱ ሱቅ አካፋ!

እንዴ! እኔ ፎንቆ ስውል ሰውዬው ግቢዬ ገብቶ ወሰን ያበጃል! ዛሬ ቦይ ነው፣ ነገ አጥር ይሆናል። ውሃው በቦዩ እየሄደ ጉድጓዷን እንደሳተ አላየሁም ልል አልችልም፤ አይቻለሁ። ግን ሌባም ሊገባ ሲያስብ መጀመሪያ ለውሻው አጥንት ይጥላል ብዬ ነው ያለፍኩት። ደሜ ፈላ።

ቅዳሜ ከእድራችን ሁለት ሽማግሌዎች ጠራሁ፤ እሱንም አስጠራሁት። ሁላችንም ቦዩ ዳር ቆምን። ዱካውን፣ አካፋውን፣ የእናቴን ዝምታ ሳይቀር አንድ በአንድ ተናገርኩ። «መሬቴን ሊወስድ ነው!» አልኩ መጨረሻ ላይ። እሱ ግን እናቴን አያት።

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና አካፋውን ከአጥሩ አነሣች። ከጉድጓዷ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቅጠል ያረፈበት ቦታ ነበር፤ ልብ ብዬው አላውቅም። ቅጠሉን ጠረገች፣ ድንጋዩን አነሣች፣ ኮባውን ገለጠች። ሌላ ጉድጓድ፣ ሌላ ቆጮ! እጇን ከታ ቆንጥራ አወጣችና ሽማግሌዎቹ ፊት ዘረጋችው። ነጭ ነው፤ ውሃ የሚባል አልነካውም።

«ይሄ የማን ነው?» አሏት።

«የሚስቱ ነዋ!» አለች። ስትናደድ ወደ ሀዲይኛ ትገባለች፤ ጎረቤቴ ደግሞ ሀዲይኛውን ከእኔ እኩል ይሰማል። «ግቢያቸውን ኮንክሪት አልብሰው መቅበሪያ አጡ። ከእኔ ጋር ቅበሪ አልኳት። ላይኛውን ቦታ ስሰጣት እንቢ ብላ ታችኛውን ወሰደች። የዚህ የልጄ ኮንክሪት ጎርፉን ሲያመጣብን ባሏ መጥቶ ቆፈረ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንደኛው ይስቅ የነበረ ይመስለኛል። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርህ ቆጮዋን ታስወጣባት ነበር። ሚስቱን በምን ዓይኔ ላያት?»

ወደ እሱ ዞርኩ። «አንተስ? ለምን ለእኔ አትነግረኝም?»

«ልነግርህ ነበር እኮ ጠዋት ጠዋት የምቆመው» አለኝ። «መስታወቱን ትዘጋዋለህ።»

በማግስቱ ግንበኛውን መልሼ ጠራሁት። ኮንክሪቱን በሩ ላይ አቋርጦ ቆርጦ ቦይ አወጣለትና በላዩ የብረት ፍርግርግ አደረገበት። አሁን ውሃው ከመግባቱ በፊት እዚያው ይወድቅና ወደ መንገዱ ቦይ ይሄዳል።

ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ዝናብ አድሮ፣ መስታወቱን እስከ ታች አውርጄ ወጣሁ። ምን እንደምለው ሳይቀር አስቤ ነበር። በሩ ላይ የለም። ምን ዓይነቱ ነው ደግሞ፣ ዛሬ ለምን ቀረ? ብዬ ልጀምር ስል ከቤቴ ጀርባ የአካፋ ድምፅ ሰማሁ። ሞተሩን አጠፋሁና ወደ ጓሮ ሄድኩ። ቦዩን እየጠረገ ነበር፤ ሲያየኝ ቀና አለና እንዳልቆጣው ብሎ አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እኔ ግን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «እንዴት አደርክ!» አልኩት።