ከካልሲየም የወጡት ሁለቱ

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ማን እንደነበርኩ ልናገር፤ ሌላ ሰው ቢናገርልኝ ያሳንሰዋልና። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ በራሴ አወቅሁ፤ ዐረብኛውን ከመድኃኒት ካርቶን፣ እንግሊዝኛውን ከማሽን መመሪያ ላይ። በሳዑዲ፣ በደቡብ ኹበር፣ አል ጀኑቢያ በምንለው ሰፈር፣ ኢቃማው ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ያልገባው፣ ከካፊሉ ከአሠሪው ወረቀት የመጣበት ሐበሻ ሁሉ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነበር። ሙስሊሙም ይመጣል፤ በየቤታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጸልዩት ጴንጤዎችም ይመጣሉ። አንዱንም "አላውቀውም" ብዬ መልሼ አላውቅም።

የምበላው ግን በጉልበቴ ነበር። የባሕር ዳርቻውን ጨዋማ ውሃ አጣርቶ በሚሸጥ ቤት ውስጥ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን አጥባለሁ፣ እሞላለሁ፣ መኪና ላይ እጭናለሁ። ዛሬም የክሎሪን ሽታ በአፍንጫዬ ሲያልፍ ያ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ከባሕር የሚመጣው ሸሚዝ ላይ የሚጣበቅ አየር፣ ስምንት ሆነን በአንድ ትሪ የከበብነው ሩዝ ይመጣብኛል። ያን ጊዜ ደክሞኝ ነበር፤ አሁን ግን ድካሙ ራሱ ይናፍቀኛል።

አንድ ዓመት ወገቤ ከዳኝ። ካፊሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዞር አድርጎ መናገር ግን አያውቅም።

"ሸይባ፣ ጀሪካኑ ከከበደህ ኸላስ፣ በቃ፤ ኹሩጅ ልምታልህና አገርህ ግባ" አለኝ፤ ሸይባ ሽማግሌ ማለት ነው፣ ኹሩጅ ደግሞ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ።

አገር ቤት ትምህርት ላይ ያሉ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ባዶ እጄን በጎበጠ ወገብ መግባት አልፈለግሁም። ደግነቱ በዚያው ሰሞን ውሃውን የሚመረምረው ሠራተኛ ሊለቅ ነበር። ወንበሩ ተቀምጠው የሚሠሩበት ነው። "እኔ እይዘዋለሁ" አልኩ። ካፊሌ ሳቀና ወደ ሱዳናዊው መሐንዲሳችን መራኝ። መሐንዲሱ ግን አልሳቀም።

"መሣሪያዬን የሚነካ ሰው መሣሪያው ምን እንደሚለካ ማወቅ አለበት። በውሃው ጠርሙስ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የተጻፉትን አዮኖች ፕሮቶናቸውን፣ ኒውትሮናቸውን፣ ኤሌክትሮናቸውን ቆጥረህ ከነገርከኝ ወንበሩ ያንተ ነው። ሁለት ሳምንት ሰጥቼሃለሁ።"

በጎረቤት ከተማ በደማም፣ አል ጀለዊያ በሚባል ሰፈር ውስጥ ዐርብ ዐርብ ምሳ የምበላበት የአገሬ ልጆች ቤት ነበር። ባልየው ሹፌር ነው። ሚስቱ ራሷ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ሦስት ልጆቿን በሳዑዲ ትምህርት ቤት ስታሳልፍ ግን መጽሐፎቻቸውን አብራ እያጠናች እንደ ቁርኣን በቃሏ ይዛቸዋለች። የትልቁን ልጅ የኬሚስትሪ መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ሌላው ሰው ዓመት የሚፈጅበትን በአንድ ሳምንት ጨረስኩት። የአቶሙ ቁጥር የፕሮቶኖቹ ብዛት ነው። ከክብደት ቁጥሩ ላይ ፕሮቶኖቹን ስትቀንስ የሚተርፈው ኒውትሮን ነው። አቶሙ የፕላስም የማይነስም ምልክት ከሌለው ኤሌክትሮኖቹ ከፕሮቶኖቹ እኩል ናቸው። ይህን ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ።

በሁለተኛው ዐርብ ከሰላት መልስ፣ ምሳ ተበልቶ ትሪው ሲነሳ፣ ባልየው ሚስቱን "ፈትኚያቸው" አላት። እሷም ገርበብ ካለው የጓዳ በር ኋላ ሆና ጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ ካልሲየም። ቁጥሩ ሃያ፣ ክብደቱ አርባ፣ ምልክቱ ሁለት ፕላስ።"

"ፕሮቶን ሃያ። ኒውትሮን ሃያ። ኤሌክትሮን ሃያ ሁለት" አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

"ገላት፣ ጋሼ። ተሳስተዋል።"

"እንዴት ተሳስቼ? ሁለት ፕላስ አላልሽም? ሁለት ገብቷል ማለት ነው።"

ስህተቱ ከየት እንደመጣ አሁን አውቀዋለሁ። በሠራተኞች ቤታችን በር ላይ የነዋሪውን ብዛት የሚያሳይ ወረቀት የምይዘው እኔ ነበርኩ። አዲስ ሰው ሲመጣ ፕላስ፣ አንዱ በኹሩጅ ሲሄድ ማይነስ አደርጋለሁ። ስንቱን ወንድም በዚያች አጭር ሰረዝ ሸኝቼዋለሁ። መሄድ ከማይነስ ሌላ ምልክት ይኖረዋል ብሎ ማን ያስባል?

የሳህን ድምፅ ቆመ።

"ጋሼ፣ ኤሌክትሮን ማለት ነጭናጫ ሰው ነው ይበሉ። ራሱ ማይነስ ነው። ሁለት ነጭናጫ እንግዳ ከቤት ቢወጣ ቤቱ ይጎድላል ወይስ ይሻለዋል?"

"ይሻለዋል።"

"እንግዲያው የተሻለው ቤት ፕላስ ይባላል። የወጡት ሁለት ናቸው፤ ስንት ቀሩ?"

"አሥራ ስምንት" አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

"አንዱ ነጭናጫ እንኳ ገና አልወጣም፤ ሻይ እየጠበቀ ነው" አለ ባልየው፣ ወደ እኔ እያየ።

"ዝም በል አንተ። እሳቸው ባይመጡ ዐርብ ከማን ጋር ልትከራከር ነው?" አለችው ከጓዳ።

ሻዩን ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁና በአውቶቡስ ወደ ኹበር ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ የማግኒዚየምን ነጭናጮች ሳስወጣ፣ በክሎራይድ ላይ አንድ ሳስገባ። ከራሴ በቀር አስተማሪ አልነበረኝም ስል ያቺን አንዲት ዐርብ ሳልቆጥር ነው።

የፈተናው ቀን መሐንዲሱ ጠርሙስ አንስቶ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። ካፊሌም በር ላይ ቆሞ ነበር።

"ክሎራይድ። ክብደቱ ሠላሳ አምስት።"

"ፕሮቶን አሥራ ሰባት፣ ኒውትሮን አሥራ ስምንት። አንድ ነጭናጫ ስለገባ ኤሌክትሮኑ አሥራ ስምንት።"

"ምን ገባ?"

"ኤሌክትሮን፣ ሙሐንዲስ።"

"ሶዲየም፣ ክብደቱ ሃያ ሦስት። ማግኒዚየም፣ ሃያ አራት።"

"ሶዲየም፦ አሥራ አንድ ፕሮቶን፣ አሥራ ሁለት ኒውትሮን፤ አንድ ወጥቶበት አሥር ኤሌክትሮን። ማግኒዚየም፦ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፤ ሁለት ወጥተውበት አሥር።"

"የሁለቱም ኤሌክትሮን አሥር ከሆነ አንድ ነገር ናቸዋ?"

ይህ በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረም። ማንም አላስጠናኝም።

"አይደሉም" አልኩት። "ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቱታ ቢለብሱ የኢቃማ ቁጥራቸው አንድ አይሆንም። ፕሮቶኑ ኢቃማው ነው።"

መሐንዲሱ ወደ ካፊሌ ዞረና "ይቀመጥ" አለው። ካፊሌ ወንበሩን በእጁ ጎትቶ አስጠጋልኝ። በዚያ አገር ያን ያህል ዓመት ስኖር ወንበር የሳበልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

እስከ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ድረስ እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ። የሠራሁትን ልዘርዝር፦

ውሃው ሲከፋ መሣሪያው ሳይነግረኝ በምላሴ አውቅ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ከመሣሪያው ቀድሜያለሁ።

ሁለት ልጆቼን አስተምሬ አስመርቄያለሁ።

አብረውኝ ከሚሠሩት ውስጥ ለአራቱ አዮን መቁጠር አስተምሬያለሁ፤ አንዱ ሰይሃት ውስጥ ባለ ሌላ የውሃ ቤት በዚሁ ሥራ ተቀጥሯል።

የአል ጀለዊያዋ ሴት ትንሿን ልጇን ለኬሚስትሪ ጥያቄ ወደ እኔ እንድትልክ አድርጌያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ልካታለች።

ኹሩጄንም ካፊሌ አልመታብኝም። ራሴ ጠይቄ፣ ራሴ ቀኑን መርጬ፣ ቀጥ ብዬ በእግሬ ወጣሁ።