የላይኛው ኩሬ ሰው

ሽማግሌው ዓሣ የሚያታልሉባቸውን የላባ ዝንቦች ባርኔጣቸው ላይ ሰካክተው ሲመጡ፣ ከሩቅ ላያቸው ሰው አናታቸው ላይ ዶሮ ዕንቁላል የታቀፈች ይመስላል። እስከ ደረት የሚደርሰው የጎማ ሱሪያቸው ከመለጣጠፉ ብዛት የፊተኛው ጎማ የትኛው እንደሆነ አይለይም። በዚህ በፔንሲልቬንያ ጅረታችን የሚይዙት ዓሣ ስንዝር ነው፤ ቁርስ ቤት ገብተው ሲያወሩልን ግን ክንድ ይሆናል።

ጅረታችን ኩሬ ኩሬ እየሠራ ይወርዳል፤ አንዱ በያዘው ኩሬ ሌላው ድርሽ አይልም። እሳቸው ሁልጊዜ ከታችኛው ናቸው። አንድ ጠዋት የላይኛው ባዶ መስሎኝ ልገባ ስል ጮኹብኝ።

«አንተ! ሰው ዓሣ እያጠመደበት አይደል እንዴ?»

ከዚያ ወደ ባዶው ውኃ ዞረው፣ «ይቅር በለው ዌንደል፣ አሳዳጊ የበደለው ነው» አሉ።

ዌንደል ታናሽ ወንድማቸው እንደነበረና የዛሬ አርባ ዓመት እዚያው ኩሬ ውስጥ እያጠመደ ጎርፍ እንደወሰደው የነገረችኝ የቁርስ ቤቷ አስተናጋጅ ናት። ከዚያ ወዲህ እኔም ድርሽ ብዬ አላውቅ።

ባለፈው ሚያዝያ ግን ራሳቸው ጠሩኝ። የማጥመጃ ዘንጋቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው የላይኛውን ኩሬ ትክ ብለው ያያሉ።

«ልጄ፣ ያንተ ዓይን ደህና ነው። እዚያ የቆመ ሰው ይታይሃል?»

አፌን ሳልከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ተወው። አትንገረኝ።»